የፈረስ ትከሻና የፊት እግር ሲያዝ የሚጫኑ ነጥቦች፣ ለጎጃም ፈረሰኛና ባለጋሪ

ፈረስ ከፊት ሲያዝ ያስታውቃል። እርምጃው ያጥራል፣ ቁልቁለት ሲወርድ እግሩን እየመረጠ ያስቀምጣል፣ ኮርቻ ሲጫንበት ጆሮውን ወደኋላ ይጥላል፣ በልጓም ዙር ሲባል ደሞ አንገቱን ብቻ ያዞርና ወርቹ አልከተል ይላል። ጎጃም ውስጥ ፈረስ ለሚያሳድር ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው የአዊ ደጋ ፈረስ ይጋለባል፣ ይታረስበታል፣ ይጫናል፣ ሠርግና ለቅሶ ይኬድበታል፣ ከተማ ሲገባ ደሞ ጋሪ ይጎትታል፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ሲደመር መጀመሪያ የሚከፍለው ትከሻው ነው። ለዚህ ችግር በአኩፓንክቸር፣ ማለትም በቻይናው የመርፌ ህክምና፣ የሚታወቁ ነጥቦች አሉ፣ እኛ የምናየው ግን መርፌውን ሳይሆን እነዚሁ ነጥቦች በአውራ ጣት የሚጫኑበትን፣ አኩፕሬሸር የሚባለውን ነው።

ነጥቦቹ ለምን እዛ እንደተሰባሰቡ የፈረስን አፈጣጠር ሲያዩት ይገባል። ሰው ከአንገቱ ሥር ትከሻውን ከደረቱ ጋር የሚያገናኝ አግዳሚ አጥንት አለው፣ ፈረስ ግን የለውም። የፊት እግሩ ከገላው ጋር የተያያዘው በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው፣ በሌላ አነጋገር ደረቱ በሁለቱ ወርቾች መሐል በሥጋ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። እዚህ ላይ ኮርቻና ሰው ጨምሩበት፣ ኮርቻው ደሞ የሚቀመጠው ከትከሻው አጥንት ወዲያ ጠጋ ብሎ ነው፣ ከዛ ጉግስ ላይ ሽምጥ አስጋልቦ ድንገት መግታት፣ መልሶ ማዞር፣ እንደገና መልቀቅ አለ። ያ ሁሉ ንዝረት የሚመጣው አጥንት ላይ ሳይሆን እነዛ አንጠልጣይ ጡንቻዎች ላይ ነው፣ ስለዚ ይደነድናሉ፣ እጅ ሲያርፍባቸውም እንደ ገመድ ቋጠሮ ይሰማሉ።

የእንስሳ አኩፓንክቸር አገሩ ቻይና ነው። በአፈ ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረ ቦ ሌ የሚባል የፈረስ አዋቂ የሙያው አባት ተደርጎ ይነሳል፣ የፈረስ ህክምናቸው በሰፊው ተጽፎ የሚገኘው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1608 በወጣው፣ ዩ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ባዘጋጁት መጽሐፍ ነው። ፈረስ የጦር መሣሪያቸው ስለነበር መጻፋቸው አይገርምም፣ እኛም እኮ ንጉሡን በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን፣ የፈረስ ህክምናችን ግን ባብዛኛው በቃል ነው የቀረው። የቻይናው የእንስሳ አኩፓንክቸር ወደ ምዕራቡ ዓለም በደንብ የገባው በኋላ ነው፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት አኩፓንክቸር ማኅበር አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ዓይነት ስያሜ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንዱ የድሮው የቻይና የፈረስ ነጥብ በስሙ የሚጠራ፣ ሌላው ከሰው ገላ ተወስዶ ፈረስ ላይ የተገለበጠ፣ ከታች እንደምታዩት ጂ ቢ 21፣ ኤል አይ 15 እየተባለ በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር የሚጠራ። አንድ ቦታ ሁለት ስም ይዞ ስታገኙት አትደናገጡ፣ ዋናው ጣታችሁ የት እንዳረፈ ነው።

ከላይ እንጀምር። የትከሻው አጥንት ሰፊ ሳንቃ ነው፣ ላይኛው ጫፉ ኮርቻው ከፊት ከሚያርፍበት የጀርባ ጉብታ ዝቅ ብሎ በለስላሳ አጥንት ያልቃል። ጠንካራው አጥንት ከለስላሳው ጋር በሚገናኝበት የፊተኛው ማዕዘን ላይ ቦ ጂያን፣ በኋለኛው ማዕዘን ላይ ደሞ ቦ ላን የሚባሉ ነጥቦች አሉ። የኋለኛው በተለይ ለጋላቢ ፈረስ ትልቅ ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ጠባብ ኮርቻ ጫፉን የሚተክለው እዛው አካባቢ ነው፣ እጃችሁን ስታሳርፉ ቆዳው ከተርገበገበ ወይ ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከፊተኛው ማዕዘን በአጥንቱ ጠርዝ ቁልቁል ስትወርዱ፣ አንገት ከትከሻ በሚገጥምበት መሐል ላይ ጂ ቢ 21 የሚባለው አለ፣ ይሄኛው አንገቱን ወደ አንድ ጎን ማዞር ለሚጠላ ፈረስ ይጠቅማል ይባላል።

ዋናዎቹ ግን ታች ትከሻው ጫፍ ላይ ናቸው። ፈረሱን ከጎን ስታዩት ከደረቱ በላይ ወደፊት ወጣ ያለ የአጥንት ጉብታ አለ አይደል፣ የትከሻው መገጣጠሚያ እሱጋ ነው። ከጉብታው ፊት ለፊት ባለው ጎድጓዳ ኤል አይ 15፣ ከጉብታው ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቲ ኤች 14 ይገኛሉ፣ ሁለቱ መገጣጠሚያውን ከፊትና ከኋላ ይዘውታል ማለት ነው። ከዛ በመገጣጠሚያው ከፍታ ልክ እጃችሁን ወደኋላ ስታንሸራትቱ ትልቅ ጎድጓዳ ትገባላችሁ፣ የትከሻው ጡንቻ አልቆ ከክርን በላይ ያለው ወፍራሙ ጡንቻ የሚጀምርበት መጋጠሚያ ነው። እሱ ኤስ አይ 9 ነው፣ በድሮው ስሙ ቺያንግ ፌንግ። ለፊት እግር ማነከስ፣ ለትከሻ መያዝ፣ ለእግር መስነፍ ቻይናዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚህ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንድ ነጥብ ብቻ አውቃለሁ የሚል ሰው ይሄን ቢያውቅ ይበቃዋል፣ ለማግኘትም ቀላል ነው፣ ጣት ራሱ ይገባል።

ከደረቱ ጎን፣ ወርቹ ከደረት በሚለይበት ስርጉድ ላይ ኤል ዩ 1 አለ፣ የደረት ማሰሪያ ጠፍር የሚጎትተውን ጡንቻ የሚነካ ስለሆነ ለጋሪ ፈረስ ነው የሚሻለው። ታች ክርን ጋ ስትመጡ እግሩን አጠፍ ስታደርጉት እጥፋቱ ውጪ ጎን ላይ የሚፈጠረው ጎድጓዳ ኤል አይ 11 ነው፣ ከሱ 2 ሱን ዝቅ ብሎ በሁለቱ ጡንቻዎች መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ኤል አይ 10 ይገኛል። ሱን የቻይና መለኪያ ነው፣ በፈረሱ በራሱ የጎድን አጥንት ስፋት ስለሚለካ ለትልቁም ለትንሹም ፈረስ እኩል ይሠራል፣ ለኛ ደጋ ፈረስ ከውጪ ፈረስ መጽሐፍ ላይ ሴንቲሜትር ገልብጦ መለካት ግን ያሳስታል። መጨረሻ ላይ ኮቴውና ፀጉሩ በሚገናኙበት ክብ፣ ልክ ፊት ለፊት መሐሉ ላይ፣ ቲ ኤች 1 አለ፣ ከላይ የተጀመረውን ለመጨረስ እሱን ይጫናሉ።

አጫጫኑ ከባድ አይደለም። ፈረሱ ከሥራ እንደገባ ላቡ ሳይደርቅ አይደረግም፣ ይረፍ፣ ይቀዝቅዝ፣ ውሃውን ይጠጣ። ሜዳ ቦታ ላይ አንድ ሰው ከራስጌው በገመድ ላላ አድርጎ ይያዘው፣ አጥብቆ ማሰር አያስፈልግም፣ መሸሽ ካልቻለ ሕመሙን አይነግራችሁም። መጀመሪያ በመዳፍ ከማጅራቱ እስከ ጉልበቱ ማሸት ነው፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ እጃችሁ የጋለ፣ የቀዘቀዘና የደነደነ ቦታ ይለያል። ከዛ በአውራ ጣት ነጥቡ ላይ ቀለል አድርጎ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ መያዝ፣ መልቀቁንም ቀስ ማለት፣ ከዛ በሌላኛው ጎን መድገም። አንድ ጎን ብቻ አክሞ መተው ልማድ አይሁንባችሁ፣ አንዱ ሲያመው የሌላውን ሸክም የሚሸከመው ደህና የተባለው ነው። ሌላኛው እጃችሁ ሁሌ ገላው ላይ ይሁን፣ ሊንቀሳቀስ ሲል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

እየሠራ መሆኑን ፈረሱ ራሱ ይናገራል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ያላምጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያዛጋል፣ የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ጆሮውን ከጣለ፣ ጭራውን ካወናጨፈ ወይ ለመንከስ ከዞረ በቃ ጫናውን ቀንሱ፣ ካልተወ ተዉት፣ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከጨረሳችሁ በኋላ ትንሽ በእግሩ አንሸራሽሩት፣ በዛው ቀን ግን ግልቢያ የለም።

መርፌው ሌላ ነገር ነው። ቀጭን፣ ንፁህና አንዴ ብቻ የሚያገለግል መርፌ፣ የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም እጅ ይፈልጋል። ቀልድ አይደለም፣ ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ የተጋለጠ ነው፣ በበረት ውስጥ የቆሸሸ መርፌ መውጋት ትከሻ ላድን ሲሉ ፈረሱን ማጣት ነው። ስለዚህ መስፊያም ሆነ የሰው መርፌ ይዞ ከሥዕል ላይ እያዩ መሞከር የለም።

አገራችን ላይ የተያዘ ትከሻ የሚታከመው ባብዛኛው በመተኮስ ነው፣ ብረት ይጋልና ወርቹ ላይ መስመር መስመር ይሰመርበታል፣ ወይ ዋግምት ይደረጋል፣ ደም ይፈሳል። አባቶቻችን ያደረጉት በክፋት አይደለም፣ ቻይናዎቹም በድሮ ጊዜ የጋለ መርፌ ይጠቀሙ ነበር፣ ከፈረሱ ደረት የደም ሥርም ደም ያፈሱ ነበር፣ እንግዲህ ሁለት የተራራቀ አገር አንድ ሐሳብ ላይ ደርሷል። ግን ትኩሱ የሚተወው ቁስል፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈው ዝንብ፣ ከዛ የሚመጣው ኢንፌክሽን ከመጀመሪያው መያዝ ይብሳል። ተተኩሶ ዳነ የሚባለውም ፈረስ ብዙ ጊዜ ያዳነው እረፍቱ ነው፣ ቁስሉ እስኪሽር ማንም አይጭነውማ! እረፍቱን ብቻ ወስዶ ብረቱን መተው ይቻላል።

ሌላው መነሳት ያለበት፣ ትከሻ ነው የተባለ ሁሉ ትከሻ አይደለም። ከፊት የሚያነክስ ፈረስ ችግሩ ባብዛኛው ከጉልበት በታች ነው፣ በተለይ ኮቴው ውስጥ። ሶምሶማ አስኪዱትና ራሱን እዩ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደላይ ያነሳል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ከዛ ኮቴውን አንስታችሁ ጥረጉና ጠጠር፣ ስንጥቅ፣ ሽታ፣ ሙቀት ፈልጉ። ኮርቻውንም ገልብጡና እንጨቱ የት እንደሚቆረቁር በእጃችሁ ዳስሱ። ጋሪ ከሆነ የደረት ጠፍሩ ከፍ ካለ ጉሮሮውን ያንቀዋል፣ ዝቅ ካለ የትከሻውን ጫፍ ይከረክራል፣ ጭነቱ ወደፊት ካደላ የጋሪው ዘንግ ጀርባውን ይጫናል። ይሄ ሳይስተካከል ማታ ማታ ነጥብ መጫን ጠዋት ያሰሩትን ማታ መፍታት ነው፣ ነገም ያው ነው።

እጃችሁን የማታሳርፉባቸውም አሉ። ክፍት ቁስል፣ የጋለ እብጠት፣ ትኩሳት ያለው ፈረስ፣ በእግሩና በደረቱ ላይ እየተደረደረ የሚፈነዳ እባጭ ያወጣ። የመጨረሻው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ሊሆን ይችላል፣ በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው፣ በቁስል ንክኪና በዕቃ ስለሚተላለፍ እሱን የነካ እጅ ሌላ ፈረስ መንካት የለበትም፣ ቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ። እርጉዝ ባዝራ ላይም ከጉልበት በታች ያሉትን ነጥቦች መተው ይሻላል፣ ባለሙያዎቹ ምጥ ይቀሰቅሳሉ ብለው የሚሸሿቸው እዛ አካባቢ አሉ።

ይሠራል ወይ? የሚሠራበት መንገድ በከፊል ይታወቃል፣ በኤሌክትሪክ የታገዘ መርፌ ፈረስ ላይ ሲደረግ ቤታ ኢንዶርፊን የሚባለው የገላው የራሱ ማስታገሻ በአከርካሪ ፈሳሹ ውስጥ ሲጨምር በምርምር ተለክቷል። በሌላ በኩል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የወጣ አንድ ግምገማ በእንስሳት ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ አይቶ፣ አኩፓንክቸርን ለየትኛውም በሽታ ለመምከርም ሆነ ውድቅ ለማድረግ የሚበቃ ጠንካራ ማስረጃ የለም ነው ያለው። ለጣት ጫናው ደሞ ማስረጃው ከዚህም ያነሰ ነው። እኔ የምደግፈው ወጪ ስለሌለው፣ በአግባቡ ከተደረገ ስለማይጎዳ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ባለቤቱን የፈረሱን ገላ እየዳሰሰ እንዲያውቅ ስለሚያደርገው ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ብዙ ፈረስ ከያለበት ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው፣ ደርሶ ደሞ ይጋለባል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ማታ ማታ ትከሻውን መዳሰስ የለመደ ሰው ፈረሱ ደህና ሲሆን ጡንቻው ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ከበዓሉ ማግስት የተለወጠውን ለመለየት አይቸገርም። በዋዜማው ግን አዲስ ነገር አይጀመርም፣ ገና ያልለመደው ፈረስ ላይ ሁሉንም ነጥብ አጥብቆ መጫን ራሱ ያሳምመዋል።

በቅሎና አህያ ላይም እነዚሁ ነጥቦች በጣት ይጫናሉ፣ የአጥንታቸው አቀማመጥ ያው ስለሆነ። አህያ ላይ ብቻ ምልክቱን በደንብ ጠብቁ፣ ሕመሟን ስለምትደብቅ ማዛጋትና መላስ ሳታሳይ ዝም ብላ ልትቆም ትችላለች፣ መቆሟን እንደ መስማማት ቆጥራችሁ ጫናውን አትጨምሩባት፣ ይልቅ ዓይኗንና አተነፋፈሷን እዩ።