«ጎል ኦሊምፒኮ»፦ ኦሎምፒክ ላይ ያልገባው የኦሎምፒክ ጎል

ልጆች ሳለን በሰፈራችን ሜዳ «ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ» የሚል ሕግ ነበረን። ሜዳው ጠባብ ነው፣ ጥጉ ላይ የሰው አጥር አለ። ስለዚህ ኮርናውን እንቆጥረዋለን እንጂ አንመታውም። አንድ ቀን ግን አንዱ ጓደኛችን «ዛሬ እመታለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። መታ። ኳሷ ተጠማዝዛ ማንም ሳይነካት በሁለቱ ድንጋዮች መሀል ገባች። እኛ ተጋጣሚዎቹ በአንድ ድምፅ «ሰው ካልነካት አይቆጠርም!» ብለን ጮህን። ሕጉን ከየት እንዳመጣነው እንጃ። ብቻ ጎሏን አስከለከልናት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያ የፈጠራ ሕጋችን አንድ ዘመን የዓለም ሁሉ ሕግ እንደነበር ያወቅሁት። እስከ 1924 ድረስ ከኮርና በቀጥታ የገባች ኳስ ጎል አትባልም ነበር። ሕጉ በተቀየረ ሰሞን ስትገባ ደግሞ ለዛሬ ያነሳኋትን አባባል ወለደች፦ «ጎል ኦሊምፒኮ»። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ታሪኩ የእነሱ ነው።)

ትርጉሙ ቀላል ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም ከማዕዘን ተመትታ ማንም ሳይነካት መረብ ላይ ያረፈችን ኳስ «ጎል ኦሊምፒኮ» ይላታል፤ የኦሎምፒክ ጎል ማለት ነው። ብራዚሎችም በፖርቱጋልኛቸው እንደዚሁ ይሏታል። ተከላካይ ከነካት ወይም አጥቂ በግንባሩ ጫፍ ካስነካት ስሙ ይቀራል፤ ተራ ጎል ትሆናለች።

ግን ለምን ኦሎምፒክ? ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ከውበቷ የተነሳ» ይላል። ወይም «ኦሎምፒክ ላይ ገብታ ይሆናላ» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ነገሩ በእኛ ቋንቋ ቢፈታ ይሻላል፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የምስጋና ይመስላል፣ ወርቁ ተረብ ነው። ለዚያውም የጎረቤት ተረብ።

ጎረቤታሞቹ አርጀንቲናና ኡራጓይ ናቸው። በመሀላቸው ሪዮ ዴ ላ ፕላታ የሚባል ባሕር የሚያህል ወንዝ አለ። ቦነስ አይረስ በዚህ ዳር፣ ሞንቴቪዴዮ በዚያ ዳር፤ ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለቱም ማቴ የሚባለውን ቅጠል በቅል ውስጥ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ይጠጣሉ። ታንጎ የኔ ነው የኔ ነው ይባባላሉ። እኛ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። ኳስ ሲመጣ ግን ይህ ተረት አይሠራም። የሩቅ ቡድን ቢያሸንፍህ ታዝናለህ፤ ጎረቤት ሲያሸንፍህ ግን ነገ ጠዋት በር ላይ ታገኘዋለህ።

መጋጠም የጀመሩት ገና በክፍለ ዘመኑ መባቻ ነው። በ1902 አርጀንቲና ወንዙን ተሻግራ ሞንቴቪዴዮ ላይ 6 ለ 0 አሸነፈች። በ1905 ደግሞ አንድ የስኮትላንድ ሻይ ነጋዴ ሁለቱ እንዲፎካከሩበት ዋንጫ ሰጠ። ነጋዴው ሰር ቶማስ ሊፕተን ነው። አዎ፣ እኛ ካፌ ገብተን «ሊፕተን» ብለን የምናዘው ሻይ ባለቤት። አንድ ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠ፦ የሚሰለፉት ተጫዋቾች በሁለቱ አገሮች የተወለዱ ብቻ ይሁኑ። በዚያ ዘመን እዚያ ኳሱን የያዙት እንግሊዛውያን ነበሩና ትንሽ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ 1924 እንምጣ። ኡራጓይ በመርከብ አትላንቲክን አቋርጣ ለኦሎምፒክ ፓሪስ ገባች። አውሮፓ አያውቃትም። በመጀመሪያው ጨዋታ ዩጎዝላቪያን 7 ለ 0 ስትቀጣ ሁሉም ዞር ብሎ አያት። አሜሪካን 3 ለ 0፣ አዘጋጇን ፈረንሳይን 5 ለ 1፣ ሆላንድን 2 ለ 1 አለፈች። በመጨረሻም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስዊዘርላንድን 3 ለ 0 ረትታ ወርቁን ወሰደች። ጥቁሩ ሆሴ አንድራዴ የፓሪስ መነጋገሪያ ሆነ። የዓለም ዋንጫ ገና ስላልተፈጠረ የዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ማለት የዓለም ሻምፒዮንነት ማለት ነው።

አርጀንቲና ለዚያ ኦሎምፒክ የእግር ኳስ ቡድን አልላከችም። እንግዲህ አስቡት። ጎረቤትህ አንተ ባልሄድክበት ድግስ ሄዶ የዓለም ንጉሥ ተብሎ ተመለሰ። አንተ ደግሞ «እኔ ብሄድ ኖሮ» እያልክ ጥርስህን ታፋጫለህ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ጠርቶ መግጠም።

ጠሯቸውም። መስከረም ላይ መጀመሪያ ሞንቴቪዴዮ ተጫውተው 1 ለ 1 ተለያዩ። መልሱ ለእሑድ መስከረም 28፣ ቦነስ አይረስ፣ ስፖርቲቮ ባራካስ ሜዳ ላይ ተቀጠረ። (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1917 ነው፤ የመስቀል ማግስት።) ሕዝቡ ከአቅም በላይ ገባ። መቀመጫው ሞላ፣ ዳር መስመሩ ሞላ፣ ቀጥሎ ሜዳው ራሱ ሞላ። ኮርና የሚመታበት ቦታ እንኳ ጠፋ። ጨዋታው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ተቋረጠ።

አዘጋጆቹ መፍትሔ ብለው ያመጡት ነገር በሜዳው ዙሪያ የሽቦ አጥር ማጠር ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ቀን የተሠራ ይመስላል፤ እዚያ ግን መጀመሪያ የሚነቀነቅ አጥር እንኳ አልነበረም። ይህም አጥር ስም ወጣለት። «አላምብራዶ ኦሊምፒኮ» አሉት፣ የኦሎምፒክ አጥር። በአርጀንቲና በተመልካችና በሜዳ መሀል የሚቆመው ሽቦ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ኦሎምፒክ ላይ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ለአጥሩም ለጎሉም ስም ያወጣው አንድ ሰሞን፣ አንድ ብሽሽቅ ነው።

ሐሙስ ጥቅምት 2 ቀን ተመልሰው ገቡ። ጨዋታው በአርጀንቲና በሬዲዮ በቀጥታ ከተላለፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዳኛው ሪካርዶ ቫያሪኖ ኡራጓያዊ ነበሩ፤ ይህን ያዙልኝ።

15ኛው ደቂቃ ላይ አርጀንቲና ኮርና አገኘች። ሊመታ የሄደው የሁራካን ክለቡ የግራ ክንፍ ሴሳሬዮ ኦንሳሪ ነው። ኳሷን አስቀመጠ፣ መታት። ወደ ሰው ትሄዳለች ሲባል ወደ ውስጥ ታጠፈች። በረኛው አንድሬስ ማሳሊ፣ ያ የፓሪስን ወርቅ ያሸነፈው በረኛ፣ ሲዘል ዘገየ። ኳሷ መረብ ውስጥ ናት።

ከአራት ወር በፊት ቢሆን ይህ ጎል አይደለም። ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ኮርና በቀጥታ ጎል እንዲሆን የፈቀደው በዚያው ዓመት ሰኔ አጋማሽ ነው። ኡራጓዮቹ በረኛችን ተገፍቷል ብለው ተቃወሙ። ዳኛው ግን አጸደቁት፤ በገዛ አገራቸው ላይ። እኔን ከጎሉ እኩል የሚደንቀኝ ይህ ነው። ያን የመሰለ ሕዝብ፣ ያን የመሰለ ፉክክር፣ ያን የመሰለ አዲስ ሕግ እያለ ሰውየው ሕጉ ያለውን ፈጸሙ። የእኛ ሰፈር ዳኛ ቢሆን ኖሮ እናቱ ከመስኮት እስክትጠራው ይጨቃጨቅ ነበር።

ፔድሮ ሴያ ለኡራጓይ አቻ አደረገ። ከዕረፍት በኋላ ዶሚንጎ ታራስኮኒ ለአርጀንቲና ሁለተኛውን አገባ። ጨዋታው እየከረረ ሄደ። የአርጀንቲናው ተከላካይ አዶልፎ ሴሊ እግሩ ተሰበረ። ከተመልካቹ ድንጋይ ይወረወር ጀመር፣ ኡራጓዮቹም የተወረወረውን መልሰው ወረወሩ፣ ፖሊስ ገባ። በመጨረሻ ኡራጓዮቹ ሰዓቱ ሳያልቅ ሜዳውን ለቀው ወጡ። ውጤቱ 2 ለ 1 ሆኖ ተመዘገበ።

በዚያን ጊዜ የኡራጓይ ልጆች መጠሪያ «ኦሊምፒኮስ» ነበር፤ ኦሎምፒኮቹ። በክብር የወጣ ስም ነው። አርጀንቲናዎች ይህንኑ የክብር ስም አነሱና ዘወር አደረጉት። የኦንሳሪን ጎል መጀመሪያ ያሏት «በኦሎምፒኮቹ ላይ የገባችው ጎል» ነው። ከዚያ ሲያጥር «የኦሎምፒክ ጎል» ሆነች። ሰሙ ላይ ላዩን ኦሎምፒክን ያወድሳል። ወርቁ «የዓለም ሻምፒዮን ነን ያላችሁት እናንተ፣ ከጥግ የተመታች ኳስ መያዝ ያቃታችሁ» ይላል። ጎሏ ለኦሎምፒክ ክብር አልተሰየመችም፤ ለኦሎምፒክ ባለወርቁ ማብሸቂያ ነው የተሰየመችው።

የማንቼና የአርሰናል ደጋፊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ተጋጣሚህ የሚኮራበትን ቃል ወስደህ መልሰህ እሱ ላይ መወርወር የብሽሽቅ ሁሉ አባት ነው። ስድብ ቢሆን ይረሳ ነበር። የራሱን ማዕረግ ስትወረውርበት ግን ይቆያል፣ ምክንያቱም እሱም ሊክደው አይችልም።

በዚያው ዓመት «ኦሎምፒክ» የሚለው ቃል ሌላም ልጅ ወልዷል። ኡራጓዮቹ ፓሪስ ላይ ካሸነፉ በኋላ ተመልካቹን ለማመስገን ሜዳውን ዞሩ። ስፓኒሽ ተናጋሪው ዛሬም ዋንጫ ያነሳ ቡድን ሜዳ ሲዞር «ቩኤልታ ኦሊምፒካ» ይለዋል፣ የኦሎምፒክ ዙር። እንግዲህ አንዱ ቃል በወንዙ በዚያኛው ዳር ምስጋና፣ በዚህኛው ዳር ተረብ ሆኖ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ኡራጓይ ዝም አላለችም። በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ለፍጻሜ ደረሱ። 1 ለ 1 ወጡና ሲደገም ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች። አርጀንቲና ብሩን ያዘች። የአገሪቱ ስም ራሱ ከብር መምጣቱን ሳስብ ይህን ማን ጻፈው እላለሁ። በ1930 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ፣ እንደገና ተገናኙ። በማን ኳስ እንጫወት ብለው ተጣሉ። የመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ ተደረገና አርጀንቲና 2 ለ 1 መራች። ሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ ተደረገና ኡራጓይ 4 ለ 2 አሸነፈች። ያ የ1924ቱ አቻ አድራጊ ሴያ እዚህም አቻ የምታደርገውን ጎል አግብቷል።

ቃሉ ግን ከባለቤቶቹ አምልጦ ዓለምን ዞረ። ከወንዙ እየራቀ በሄደ ቁጥር መርዙ እየወጣ፣ ማሩ ብቻ እየቀረ ሄደ። በ1962 የቺሊው ዓለም ዋንጫ ሶቭየት ኅብረት ኮሎምቢያን 4 ለ 1 እየመራች ሳለ ኮሎምቢያዊው ማርኮስ ኮል የመታው ኮርና በቀጥታ ገባ። በረኛው ማን ነበር? ከታሪክ ምርጥ በረኞች አንዱ የሚባለው ሌቭ ያሺን። ጨዋታው 4 ለ 4 አለቀ። በወንዶች ዓለም ዋንጫ ታሪክ ከዚያ ሌላ ጎል ኦሊምፒኮ የለም። ኮሎምቢያዎች ያችን ጎል በዚህ ስም ሲጠሩ ኡራጓይን ለማብሸቅ አይደለም። ኩራታቸው ናት። ከኡራጓይም ወገን ቢሆን ግራኙ አልቫሮ ሬኮባ በዚህ ዓይነት ጎል ስም ያተረፈ ነው። የአያቶቹን ማብሸቂያ ጌጡ አደረገው ማለት ይቻላል።

እውነተኛው ኦሎምፒክስ? እዚያ ለመድረስ ጊዜ ወሰደ። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ፣ አሜሪካ ከካናዳ፣ በኦልድ ትራፎርድ። ሜጋን ራፒኖ የመታችው ኮርና ማንም ሳይነካው ገባ። ከኦንሳሪ 88 ዓመት በኋላ የኦሎምፒክ ጎል ኦሎምፒክ ላይ ተቆጠረች። ራፒኖ በቶኪዮው ኦሎምፒክ ደግሞ አውስትራሊያ ላይ ደገመችው። አንዴ ዕድል ነው ለሚሉ መልስ ይሆናል።

ወንዙ ዳር ግን ቃሉ ገና አልበረደም። የኡራጓይን ማልያ አይታችሁ ከሆነ ከአርማው በላይ አራት ኮከብ አለ። ዓለም ዋንጫ ያነሱት ሁለት ጊዜ ነው፣ በ1930 እና በ1950። የቀሩት ሁለቱ ኮከቦች የ1924 እና የ1928 ናቸው፤ «ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ማለት እኛ ነበርን» ይላሉ። በ2021 ፊፋ ሁለቱን አንሱ አለ ተብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ኮከቦቹ እስካሁን እዚያው ናቸው። በወዲያኛው ዳር ያለው አርጀንቲናዊ ደግሞ ማቴውን እየጠጣ አሁንም ይቆጥርላቸዋል፦ ሁለቱ የዓለም ዋንጫ፣ ሁለቱ «ኦሊምፒኮ»።