መርከቡ የት ነው የሚቆመው? በዳኑብና በራይን የወንዝ ጉዞ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት፣ ወይም ከአምስተርዳም እስከ ባዝል በወንዝ መርከብ የሚጓዝ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ክፍል ያድራል፤ ሻንጣውን አንዴ ይፈታል፣ ከተሞቹ በየተራ ወደ እሱ ይመጣሉ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ገና ሳይሳፈር፣ የየብስ ጉብኝቶቹ ዝርዝር ከነዋጋው ሲደርሰው ነው። የትኛውን ከኩባንያው ይግዛ? የትኛውን በራሱ ይሂድ? ጉዞው ሲያልቅስ ከመጨረሻው ወደብ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በምን ይድረስ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሰው ለሰው የሚያቀብለው ምክር ብዙ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ከባሕር መርከብ ጉዞ የተወረሰ በመሆኑ ወንዝ ላይ አይሠራም።

«የጉዞው ስም ላይ የተጻፈው ከተማ መርከቡ የሚቆምበት ከተማ ነው»

በጣም የተለመደውና ብዙ ሰው የሚያዝንበት ስሕተት ይህ ነው። «ከፕራግ እስከ ቡዳፔስት» የሚል ጉዞ የገዛ ሰው ፕራግ ላይ እንደሚሳፈር ያስባል፤ ነገር ግን ፕራግ የምትገኘው በቭልታቫ ወንዝ ላይ ነው፣ የዳኑብ መርከቦችም እዚያ አይደርሱም። ተጓዡ ፕራግ ውስጥ ሆቴል ያድርና በአውቶቡስ ለሰዓታት ተጉዞ ኑረምበርግ፣ ሬገንስበርግ ወይም ፊልስሆፈን ላይ መርከቡን ያገኛል። «ፓሳው» ተብሎ የተሸጠ መነሻም ብዙ ጊዜ በተግባር ፊልስሆፈን ነው፤ ይህች ትንሽ ከተማ ከፓሳው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ትርቃለች፣ ስለዚህ በባቡር ፓሳው ድረስ ቲኬት የቆረጠ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሌላ መጓጓዣ መፈለጉ አይቀርም።

ኑረምበርግ ራሷ ሌላ ምሳሌ ናት። መርከቦቹ የሚቆሙት ራይንን፣ ማይንንና ዳኑብን በሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጠናቀቀው 171 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ቦይ ላይ፣ ከአሮጌው ከተማ ርቆ በሚገኘው የጭነት ወደብ አካባቢ ነው። ከክፍሉ መስኮት የቤተ መንግሥት ግንብ ለማየት የጓጓ ሰው መጋዘን ያያል። ሃይደልበርግም በራይን ላይ ሳይሆን በኔካር ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከማንሃይም ወይም ከሽፓየር በአውቶቡስ ይኬድባታል። በሴን ወንዝ ጉዞ ላይ «ኖርማንዲ» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት እ.ኤ.አ. በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ጦር ያረፈበትን የባሕር ዳርቻ ነው፤ እሱ ግን ከሩዋን በአውቶቡስ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ቀኑ ሙሉ ለዚያ ይውላል። በተቃራኒው ስትራስቡርግን የሚጎበኝ መርከብ አንዳንዴ ከወንዙ ማዶ፣ ጀርመን ውስጥ በኬል ይቆማል፤ ይህ ግን አያስከፋም፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የስትራስቡርግ ዲ መስመር ትራም ራይንን ተሻግሮ ኬል ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ ጉብኝት ከመምረጥ በፊት ኩባንያውን መጠየቅ ያለብን የከተማውን ስም ሳይሆን የመቆሚያውን ስም ነው። ቪየና ላይ መርከቡ በራይሽስብሩከ ድልድይ አጠገብ ከቆመ ፎርጋርተንሽትራሰ የተባለው የዩ1 የምድር ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል፤ ከዚያ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ያለበት አደባባይ አራተኛው ፌርማታ ነው። ኑስዶርፍ ላይ ከቆመ ደግሞ መጓጓዣው ዲ የተባለው ትራም ነው። በዚህ ዕውቀት ብቻ «ወደ መሐል ከተማ የአውቶቡስ አገልግሎት» የሚለውን መስመር ሰርዞ ገንዘቡን ለቡናና ለኬክ ማዋል ይቻላል።

«መርከቡ ካወረደን ቦታ ቆሞ ይጠብቀናል»

የባሕር መርከብ ይጠብቃል፤ የወንዝ መርከብ ግን ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። ዳኑብ ላይ መርከቡ ጠዋት ሜልክ ላይ ሰው አውርዶ፣ ጎብኚዎቹ እ.ኤ.አ. በ1089 የተመሠረተውን የቤነዲክቶስ ገዳም ሲያዩ እሱ መንገዱን ይቀጥልና ዱርንሽታይን ወይም ክሬምስ ላይ ይጠብቃቸዋል። በኩባንያው አውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ሳያውቀው ወደ መርከቡ ይመለሳል። በራሱ የወጣ ሰው ግን ምሳውን በልቶ ዘና ብሎ ወደ ጠዋቱ መቆሚያ ሲመጣ ባዶ ውሃ ያገኛል።

መርከቡ በዚያው ከተማ ቢቆይ እንኳ መቆሚያውን ሊለውጥ ይችላል። ሰው በሚበዛበት ወራት ሁለት ሦስት መርከቦች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ወደ ራሳችን መርከብ ለመግባት የሌላውን መርከብ መግቢያ አዳራሽ፣ አንዳንዴም የላይኛውን ወለል አቋርጠን እንሄዳለን። ማታ ስንመለስ የመርከባችን ስም ከወንዙ ዳር መንገድ አይታይም፣ የሚታየው የፊተኛው መርከብ ነው። ጠዋት ወንዙን ያሳየ የነበረው መስኮትም ከሰዓት በኋላ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የሌላ ሰው መጋረጃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከመርከብ ሲወጡ በእንግዳ መቀበያው የሚሰጠውን የዕለቱን ወረቀት መያዝ ይገባል፤ የመቆሚያው ቁጥር፣ የመመለሻው ሰዓትና የመርከቡ ስልክ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«በራስ መሄድ አደገኛ ነው፤ ያመለጠው ሰው አገር ቤት ይመለሳል»

ግማሹ እውነት ነው። በኩባንያው ጉብኝት ላይ ያለ አውቶቡስ በመንገድ መጨናነቅ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የሄደውን ግን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፣ ወንዙ ላይ መርከብን ከፍና ዝቅ አድርገው የሚያሳልፉትን የውሃ በሮች የማለፊያ ተራ አስይዞ የሚጓዝ ስለሆነም ብዙ መታገሥ አይችልም። የቀረው ግማሽ ግን ማጋነን ነው። በባሕር ላይ ያመለጠው መርከብ በማግስቱ ሌላ ደሴት ላይ ይሆናል፤ ወንዝ ላይ የሚቀጥለው ወደብ ብዙውን ጊዜ የሚርቀው የባቡር ቲኬት ያህል ነው። ከክሬምስ ወደ ቪየና አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከቪየና ወደ ብራቲስላቫ አንድ ሰዓት፣ ከቪየና ወደ ቡዳፔስት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በመካከለኛው ራይን ደግሞ የባቡር ሐዲድ በወንዙ ግራም ቀኝም ተዘርግቷል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፦ ብዙ መርከቦች ፓስፖርት ሰብስበው በመቀበያው ያስቀምጣሉ፤ ያመለጠው ሰው ድንበር ሲሻገር መታወቂያው ከፊቱ ቀድሞ በውሃ እየሄደ ነው። በራሱ የሚወጣ ሰው ፓስፖርቱን ጠይቆ ቢይዝ ይሻለዋል።

እኛን በተለይ የሚያሳስተን ሰዓቱ ነው። የዕለቱ ወረቀት መመለሻውን «17:30» ብሎ ከጻፈ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ነው ብለን ልንለውጠው እንችላለን፣ የሚያምታታም የለበትም። አደጋው ያለው «11:30» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ይህን ቁጥር ቢያዩ ገና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መስሏቸው ገበያ ይዞራሉ፤ መርከቡ ግን የሚነሣው በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ወላጅ ይዞ የሚጓዝ ሰው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሐበሻውን ሰዓት በእስክሪብቶ ቢጽፍላቸው ምንም አይከፍልበትም።

«ከኩባንያው መግዛት ሁልጊዜ ኪሳራ ነው»

የዚህ ተቃራኒም ይነገራል፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሊንዝ ላይ ሁለት የሙሉ ቀን ጉብኝቶች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፦ ሳልዝቡርግ እና ቼክ ውስጥ ያለችው ቼስኪ ክሩምሎቭ። ለሳልዝቡርግ የእኔ ምክር በራስ መሄድ ነው። ከወንዙ አጠገብ ካለው ዋና አደባባይ ትራም ተይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ይኬዳል፤ ፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ያደርሳል፣ ባቡሩም ቶሎ ቶሎ አለ። ቼስኪ ክሩምሎቭ በካርታ ስትታይ የምትቀርብ ብትመስልም በባቡር ለመድረስ መቀያየር ስለሚያስፈልግ ቀኑ በጣቢያ ያልቃል፤ እዚያ የኩባንያው አውቶቡስ የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል። ቪየና፣ ብራቲስላቫና ቡዳፔስት ላይ ደግሞ መጓጓዣው በእጅ ያለ ስለሆነ መግዛት የሚገባው አስጎብኚ ሲፈለግ እንጂ መኪና ሲፈለግ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በብዙ ኩባንያዎች በየከተማው አንድ የእግር ጉብኝት በዋናው ዋጋ ውስጥ ተካትቷል፤ ይህን ሳያነቡ ተመሳሳዩን በተጨማሪ ክፍያ የሚገዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች ጋር ሲኬድ ሚዛኑ ይለወጣል። ሜልክ ገዳም ከመቆሚያው በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆንም ዳገት አለው። ዱርንሽታይን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. ከ1192 መጨረሻ ጀምሮ ታስሮበታል ወደሚባለው ፍርስራሽ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ለጉልበት ሲባል የሚከፈል ገንዘብ ኪሳራ አይባልም።

«ጉብኝት ያልያዘ ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል»

ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው የቫኻው ሸለቆና በራይን ላይ ከሩደስሃይም እስከ ኮብሌንዝ ያለው ገደል ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ሁለቱም በደንብ የሚታዩት ከመርከቡ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ነው። በእነዚህ ሰዓታት የአውቶቡስ ጉብኝት መያዝ ለመርከቡ የከፈሉበትን ዋና ነገር መተው ነው።

«የሸንገን ቪዛ ካለ ዳኑብን እስከ መጨረሻው መጓዝ ይቻላል»

ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ላለው ክፍል ትክክል ነው፤ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ሁሉም ሸንገን ናቸው። ከቡዳፔስት ወደ ታች ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ፣ ሮማኒያና ቡልጋሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሸንገን ሲሆኑ በመካከላቸው ያለችው ሰርቢያ ግን አይደለችም። ቤልግሬድ ወይም ኖቪ ሳድ ላይ የወረደ ሰው ከሸንገን ወጥቷል፤ ቡልጋሪያ ሲደርስ እንደገና ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የተሳፈረ ሰው እዚህ ላይ ይታገዳል፤ ስለዚህ ሲያመለክት ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መጠየቅ፣ ከመርከብ ኩባንያውም የየቀኑን ወደብ የሚያሳይ ወረቀት አያይዞ ማቅረብ አለበት። የሰርቢያ የመግቢያ ደንብም ራሱን ችሎ የሚታይ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር እንጂ አውሮፕላኑ ለሚያርፍበት አገር አይደለም።

«የተከፈለበት ጉብኝት ቀኑ አይለወጥም»

ወንዙ ሲፈልግ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በራይን ላይ ካውብ በተባለው ቦታ ያለው የውሃ ከፍታ መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር፤ ይህ ቁጥር የመርከብ መሄጃውን ጥልቀት በቀጥታ የሚናገር ባይሆንም መርከቦችን ለማስቆም በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ደግሞ ዳኑብ ሞልቶ በኦስትሪያ የመርከብ ጉዞ ተቋረጠ። ውሃው ሲጎድል መርከቡ ታች ይነካል፣ ሲሞላ ከድልድይ ሥር ማለፍ ያቅተዋል። ኩባንያው በዚህ ጊዜ ተጓዦችን በአውቶቡስ ያጓጉዛል፣ ወይም ከማዶ ወዳለ ሌላ መርከብ ያዛውራቸዋል። የኩባንያው ጉብኝት አብሮ ይዛወራል፤ ከወራት በፊት በራስ የተቆረጠና የማይመለስ የሙዚየም ወይም የባቡር ቲኬት ግን አይዛወርም። በራሱ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሊሰረዝ የሚችለውን ቲኬት ቢመርጥ መልካም ነው።

«ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከኩባንያው ትራንስፈር የተሻለ የለም»

በመጀመሪያ ሰዓቱ ይታይ። በመጨረሻው ቀን ክፍሉን በጠዋት መልቀቅ ግድ ነው፤ መርከቡ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል ግን በረራውን ከእኩለ ቀን በኋላ መያዝ ይሻላል። ትራንስፈሩ በነፃ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬቱን ከኩባንያው ለገዛ ነው፤ ሌላው በነፍስ ወከፍ ይከፍላል፣ ሦስት አራት ሰው ከሆኑም ታክሲ ይረክሳል።

አምስተርዳም ላይ ብዙ መርከቦች የሚቆሙት ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ከዚያ ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ኮሎኝ ላይ ዋናው ባቡር ጣቢያ ከካቴድራሉ ጎን ስለሆነ ወደ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ይህ ምቹ ነው። ቪየና ላይ በማስታወቂያ የሚታወቀው አረንጓዴው ፈጣን ባቡር በ16 ደቂቃ ያደርሳል፣ ግን የከተማው ቲኬት አይሠራበትም፣ መነሻውም በዩ1 መስመር ላይ አይደለም። ከራይሽስብሩከ ለሚነሣ ሰው ዩ1ን ይዞ ያለ ምንም መቀያየር ዋናው ባቡር ጣቢያ ወርዶ፣ ከዚያ በመደበኛው ባቡር 15 ደቂቃ መሄድ ይቀላል። ቡዳፔስት ላይ ከዴአክ ፌረንትስ አደባባይ የሚነሣው 100ኢ አውቶቡስ ወደ ማረፊያው ይወስዳል፤ የራሱ ልዩ ቲኬት ስላለው በከተማው ቲኬት የተሳፈረ ሰው በተቆጣጣሪ ይቀጣል።

ባዝል ላይ የሚጨርሱ ሰዎች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ይገጥማቸዋል። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በፈረንሳይ መሬት ላይ ነው፤ 50 ቁጥር አውቶቡስ ከባዝል ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ በስዊስ በኩል ባለው በር ያደርሳል። ሕንጻው ግን ለስዊስም ለፈረንሳይም በር አለው። ዘመድ ሊቀበል የመጣ ሰው በአንደኛው በር ቆሞ እንግዳው በሌላው ቢወጣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በሁለት አገር ይፈላለጋሉ፤ የትኛው በር እንደሆነ አስቀድሞ በስልክ መስማማት ይህን ያድናል።