ስስ የሲሊከን ሶላር ሴል ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ሶላር የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ቆም ብሎ ላስተዋለ፣ በተለይ ሰኞ ከየገጠሩ ለገበያ የመጣው ሰው ሲበዛ፣ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ፓነሉን አንስቶ በእጁ መመዘን ነው። ከበድ ካለ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ከቀለለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ያ ክብደት የመስታወቱና የአሉሚኒየም ክፈፉ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ፓነል 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲመዝን፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሲሊከን ግን 350 ግራም ያህል ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ይህንንም እየቀነሱት ነው።

በገበያ ላይ ያለው ሴል፣ ማለትም በፓነሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሲሊከን ቁራጭ፣ ውፍረቱ ከ130 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ነው፤ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ስስ የሲሊከን ሴል የሚባለው ከዚያው ክሪስታል ተሠርቶ፣ ውፍረቱ ግን ወደ 100፣ ወደ 50 ማይክሮን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች የወረደ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሲሊከን ከአሸዋና ከድንጋይ ቢገኝም ማጥራቱ ብዙ ኃይል ይበላል። ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል፤ የወጣው ብረት መሰል ነገር ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጣራል፤ ከዚያ በ1,414 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደገና ቀልጦ ቀስ እየተባለ እንደ ግንድ ይሳባል፤ በመጨረሻ በሽቦ ይሰነጠቃል። በቀድሞው አሠራር ሲሰነጠቅ ዱቄት ሆኖ የሚባክነው ሲሊከን ከሚገኘው ቁራጭ ብዙም አያንስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የንጹሕ ሲሊከን ዋጋ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ማይክሮን ገንዘብ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። አልማዝ የተለበጠ ሽቦ ብክነቱን ቀነሰው። ከ20 ዓመት በፊት ለአንድ ዋት 16 ግራም ያህል ሲሊከን ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ግራም በታች ይበቃል።

ታዲያ ከዚህም አሳንሶ መቁረጥ ምን ከለከለ? ብርሃኑ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ሲሊከን ከአንድ ማይክሮን ባነሰ ጥልቀት ይውጠዋል። ለዓይናችን የማይታየው፣ ከቀይ ማዶ ያለው ብርሃን ግን ከ100 ማይክሮን በላይ ዘልቆ ይሄዳል፤ ሴሉ ስስ ከሆነ በጀርባው ሾልኮ ይወጣል። መፍትሔው፣ ለእኔ የዚህ ሙያ ውበት ያለበት ቦታ፣ ብርሃኑን ውስጥ ማሰር ነው። የሴሉ ገጽ አልካሊ በተባለ ኬሚካል ተበልቶ ጥቃቅን ፒራሚዶች ይወጡበታል፤ ጀርባው እንደ መልክ ማያ መስታወት ብርሃኑን ይመልሳል። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመላለሳል። በስሌት ደረጃ መንገዱ እስከ 50 እጥፍ ሊረዝም ይችላል።

ስስ መሆን ራሱ ጥቅም አለው። ብርሃኑ የቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ኤሌክትሪኩን እስከሚሰበስበው የብረት መስመር የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፣ በመንገድም አይጠፋም። በክሪስታሉ ገጽ ላይ ጎረቤት ያጡ አቶሞች ግን ኤሌክትሮኑን ያስቀሩታል፤ ስለዚህ ገጹ በስስ መከላከያ ንብርብር መሸፈን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ የማርቲን ግሪን ቡድን ጀርባውን በዚህ መንገድ የሸፈነ ሴል ሠርቶ አሳየ፤ ፐርክ የሚባለው ፓነል የዚያ ልጅ ነው። በስሌት የሲሊከን ሴል ቅልጥፍና፣ ማለትም ካረፈበት የብርሃን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ድርሻ፣ ጣሪያው 29.4 በመቶ ሲሆን፣ እዚያ የሚያደርሰው ውፍረት 110 ማይክሮን አካባቢ ነው። ማለትም ምርጡ ሴል ሱቅ ካለው የሳሳ ነው! ስስነትን ከጥራት ጉድለት ጋር የሚያያይዝ ገዢ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

እውነተኛው ስጋት መሰንጠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቻይና ተመራማሪዎች 60 ማይክሮን ስስ ሴል እንደ ጨርቅ አጥፈው አሳዩ፤ ቅልጥፍናውም ከ24 በመቶ በላይ ነበር። ስንጥቁ የሚጀምረው በሴሉ ጠርዝ፣ በፒራሚዶቹ መካከል ካለው ሹል ሸለቆ መሆኑን ደርሰውበት ጠርዙን ብቻ አለሰለሱት። ብርሃኑን የሚያስረው ቅርጽ ራሱ የስብራት መነሻ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ አገር መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ፓነል ጣሪያ ላይ ተጋድሞ፣ ከላዩ ጆንያ ከተጫነበት፣ መስታወቱ ሳይነካ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም፤ ከጊዜ በኋላ የተቆረጠው ክፍል ከብር መስመሮቹ ተለይቶ ኃይሉ ይወርዳል። ፓነል በጠርዙ ቆሞ፣ መሀሉ ሳይጫን፣ በደንብ ታስሮ ይጓጓዝ። ሱቅ ውስጥም ከመመዘን ይልቅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ቮልቱንና አምፒሩን ማስለካት፣ ከጀርባው ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ማስተያየት ይሻላል።