ፈጣን ጭንቅላትና አስተዋይነት ለየቅል ናቸው

አንድ ሰው ሒሳብ ቶሎ ከገባው፣ ያነበበውን ካልረሳ፣ ክርክር ላይ መልስ ካላጣ፣ በቃ አስተዋይ ነው ብለን እንደመድማለን። አይደለም።

ፈጣን ጭንቅላት ነገር የመረዳትና ችግር የመፍታት አቅም ነው። አይኪው (IQ) በሚባለው ፈተና ይለካል፤ አማካይ ውጤቱ 100 ነው። አስተዋይነት ደግሞ ያንን አቅም መቼና ለምን እንደምንጠቀምበት ማወቅ ነው።

ጓደኛህ በንዴት ረጅም መልእክት ላከልህ እንበል። ጭንቅላትህ ፈጣን ከሆነ እርስ በርሱ የሚጋጨውን ሁሉ ለቅመህ አፍ የሚያስይዝ መልስ ወዲያው ትጽፋለህ። አስተዋይ ከሆንክ ግን "ላክ" የሚለውን ከመንካትህ በፊት ምን ቢከፋው ነው እንዲህ የጻፈው ብለህ ታስባለህ፣ ምናልባትም ስልኩን አስቀምጠህ ነገ ትደውልለታለህ። መልስህ ትክክል ቢሆንም እንኳ።

በጣም የሚገርመኝ፣ ለሰው ስንመክር አስተዋዮች ነን፤ በራሳችን ጉዳይ ግን ይጠፋብናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አይተዋል፤ ሰዎቹ የራሳቸውን ችግር እንደ ውጭ ሰው ሆነው ሲያዩት ግን የተሻለ አመዛዘኑ። ስለዚህ ነገር ሲጠብቅብህ "ይሄ የወንድሜ ጉዳይ ቢሆን ምን እለው ነበር?" ብለህ ራስህን ጠይቅ።