የያዘ ብሎን ምንድን ነው? የጠበቀስ?

አንድ ቪዲዮ አለ፤ ሰውዬው የቶዮታ ቪትዝ ጎማ ሊፈታ ነው። መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ፣ የቧንቧው ጫፍ ላይ ቆሞ ይዘላል። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ይስቃል። አንዱማ «የያዘ ብሎን የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቁርስ ያልበላ መካኒክ ነው» ብሎ ጽፏል። ቀልዷ ጥሩ ናት። ችግሩ፣ ቀልዷን አምነው ጋራዥ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ዳዶ፣ ማለትም ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ባለ ስድስት ጎን ማሰሪያ፣ እምቢ ካለ ያው «ያዘ» ነው። መድኃኒቱም ያው ረጅም ቧንቧ ነው።

እንለየው። የጠበቀ ብሎን ጤነኛ ነው። ጥርሱ፣ ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጠመዝማዛ መስመር፣ ንጹሕ ነው፤ ያሰረው ሰው ብቻ አብዝቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ «ያዘብኝ» ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው ይኼ ነው። ጎሚስታው በአየር የሚሠራውን መፍቻ ድርርርር አድርጎ ሸኝቶታል። እንዲህ ያለው ዳዶ ሲፈታ አንዴ «ቋ!» ይላል፤ ከዚያ በኋላ በጣት ይዞራል።

የያዘው ሌላ ነው። በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ መሃል የነበረችው ትንሽ ክፍተት በዝገት ተሞልታለች። ዝገት ደግሞ ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ እዚያው ውስጥ ያብጣል። አንዳንዴ ዝገት ሳይኖርም ጥርስና ጥርስ ተነካክሶ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ በእጅ ሳይጀመር በቀጥታ በአየር መፍቻ ስለታሰረ ጥርሱን ስቶ ገብቷል። የያዘ ዳዶ «ቋ» ካለም በኋላ አይለቅም። በየሩብ ዙሩ ይጮኻል፣ ያቃስታል። በስንት መከራ ከወጣ በኋላ ብትነካው ያቃጥላል።

እንጀራ ጋግሮ ለሚያውቅ ሰው ይኼን ማስረዳት ቀላል ነው። ምጣድ ሲይዝ እንጀራውን በጉልበት የሚስብ አለ? ከሳበው ግማሹ ምጣዱ ላይ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። ብሎንም ዳር ዳሩን ነው፤ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ትንሽ ወደ ኋላ። ለሚቀጥለው ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ የብሎን ማሰሻው የሽቦ ብሩሽ ነው። ምሳሌው ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ምጣድ ቅባት ይወዳል፤ የጎማ ብሎን አይወድም።

«እንዳይዝ ግራሶ ቀባሁት» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ዳዶ ስታጠብቅ ከምታወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው ዳዶው ጎማውን ከተሸከመው ቸርኬ ጋር በሚፋተግበት ፊት ላይ ነው። ወደ 40 በመቶው ጥርሱ ላይ ያልቃል። ብሎኑን ስቦ ጎማውን የሚያስረው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በቅባት ሰበቃውን ትንሽ ስትቀንስ የተረፈው ጉልበት ብሎኑን መጎተት ይጀምራል። ቶርክ ሬንቹ፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ የተባለውን ቁጥር ያሳይሃል፤ ብሎኑ ግን ከልኩ በላይ ተስቧል። ቶዮታ በመመሪያው የጎማ ብሎንና ዳዶ ላይ ዘይትም ግራሶም አታድርጉ የሚለው ለዚህ ነው።

ወደ ቧንቧው እንመለስ። የቪትዝ ዳዶ የሚጠብቅበት የፋብሪካ ልክ 103 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ) ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ 690 ገደማ ይሆናል። ከልኩ ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ዝላዩን ገና አልቆጠርንም። ብሎኑ ደግሞ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። ቁርስ የበላ መካኒክ ዳዶውን ይፈታዋል አላልኩም፤ ይበጥሰዋል ነው የምለው።

ከመበጠሱ በፊት ብሎኑ ምልክት ይሰጣል። መፍቻው እስካሁን ድርቅ ብሎ ቆይቶ ድንገት ድምፅ ሳያሰማ እንደ ላስቲክ ልስልስ ብሎ መዞር ይጀምራል። ሰዉ «እሰይ፣ ተፈታ!» የሚለው እዚህች ላይ ነው። አልተፈታም። ዳዶው በቦታው ነው፤ የሚዞረው እየተጠማዘዘ ያለው ብሎኑ ነው። እዚያ ላይ ማቆም የቻለ ሰው ቢያንስ ቀሪውን በዘዴ ይሞክራል። ያላቆመ ሰው ዳዶውን ከነብሎኑ ቁራጭ እጁ ላይ ያገኘዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው የሚሞከረው፤ በክሪክ ከተነሳ በኋላ አይደለም። መፍቻው የዳዶውን ስድስቱንም ጎን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ይሁን፤ ላላ ያለ ከሆነ የዳዶውን ጠርዝ ይበላውና ሁለተኛ ችግር ትገዛለህ። በሽቦ ብሩሽ የሚታየውን ጥርስ አጽዳ። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ማታ ረጭተህ ጠዋት ና። ረጭቶ ወዲያው መፍቻ ማንሳት ስፕሬይ ማባከን ነው። ከዚያ ወፍራም ብረት ዳዶው ፊት ላይ አድርገህ በመዶሻ ደህና አድርገህ ምታው። ዝገትን የሚሰነጥቀው ድንገተኛ ምት ነው። የብሎኑን ጫፍ ግን እንዳትመታ፤ ጥርሱ ይደፈጠጣል። ምቱን አታብዛው፤ ከኋላ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ፤ ይጎዳል። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ነካ አድርገው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው።

ስለ ስፕሬይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ዳዶው ጫፉ ድፍን ነው። ሰው ከፊት ለፊት ጣሳውን ሙሉ ሲያርከፈክፍበት ሳይ ይገርመኛል፤ በየት ይግባ? ጥርሱ ጋ መድረስ የሚችለው በጠርዙ ሾልኮ የገባው ጠብታ ብቻ ነው። የቀረው ፍሬኑ ላይ ይንጠባጠባል፤ ፍሬን ላይ ደግሞ ዘይት አንፈልግም። «ፍሬን ዘይት አፍስስበት» የሚሉም አሉ። የመኪናውን ቀለም እንደሚልጥ ብቻ ይወቁ።

እሳት? ይሠራል። ዳዶው ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል፣ ዝገቱም ይሰባበራል። እኔ ግን ጎማው የተነፋ ሆኖ በእሳት ወይም በብየዳ ሲነካ ካየሁ ከአጠገቡ እሸሻለሁ። ውስጥ ያለው ላስቲክ በሙቀት ጋዝ ይሆንና ጎማው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። «አየሩን አስተንፍሼዋለሁ» ማለትም ዋስትና አይደለም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ከጋለ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ብሎኑም እንዲሁ። በእሳት የተፈታ ብሎንና ዳዶ ይጣላል እንጂ ተመልሶ አይታሰርም።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ዳዶዎቹ በሙሉ ወጥተው ጎማው አልነቀል ሲል «ብሎኑ ያዘ» መባሉ ነው። ዳዶውማ ወጥቷል! የያዘው ቸርኬው ነው፤ ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት መሃለኛው ብረት ላይ፣ ዝጎ ተጣብቋል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረት ሞዞ ጋር እርጥበት ካገኘ ይኼ ይብሳል። ክረምቱን መንገድ ላይ ጨው የሚበተንበት አገር፣ እነ ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ያላችሁ ወገኖች በደንብ ታውቁታላችሁ። እዚያ ሲነዳ ቆይቶ የመጣ ያገለገለ መኪናም ችግሩን ይዞት ነው የመጣው። መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ ጎማውን በእግር መደብደብ አይገባም፤ ክሪኩ ይንሸራተታል። ዳዶዎቹን መልሰህ በእጅ አስገባቸው፣ አንድ ዙር ያህል ላላ አድርጋቸው፣ መኪናውን መሬት አውርድና ሁለት ሜትር ወደ ፊት ወደ ኋላ በቀስታ አንቀሳቅሰው። አብዛኛውን ጊዜ «ጧ» ብሎ ይለቃል። ሞዞው ፊት ላይ ስስ ቅባት ማድረግ የሚቻለው እዚህ ነው፤ ጥርሱን ሳይነካ።

የጭነት መኪና ላይ ግን ይኼን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት የብሎኑን ጫፍ እይ። አሮጌ ኢሱዙና ፉሶ ላይ በሾፌሩ ግራ እጅ በኩል ያሉት ጎማዎች የብሎናቸው ጥርስ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ኤል» የሚል ፊደል ተመቶበታል። እነሱ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። እንደለመድከው ወደ ግራ ቧንቧ ሰክተህ ስትዘል፣ ያልያዘውን ዳዶ እያጠበቅከው ነው።