የከባድ ማሽነሪ መካኒክ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጉልበት ያለው ሁሉ ይሠራዋል»

ከባዱን ዕቃ የሚያነሣው ክሬን ነው፤ መካኒኩ የሚፈለገው ብልሽቱን ለማግኘት ነው። በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀሰው የኤክስካቫተር (የመሬት መቆፈሪያ ማሽን) ክንድ ሲደክም ተመልካች ሁሉ «ፓምፑ አልቋል» ብሎ ይፈርዳል። ባለሙያው ግን የዘይቱን መጠን ያያል፣ ፊልትሮውን ይፈታል፣ ጌጅ ገጥሞ ግፊቱን ይለካል። ግፊት የሚገድበው ሪሊፍ ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በብዙ ገንዘብ የተገዛ አዲስ ፓምፕ ክንዱን አያበረታውም። ኮምፒውተር መጣና መካኒክ ቀረ የሚሉትም እዚሁ ላይ ይሳሳታሉ። መመርመሪያው «የነዳጅ ግፊት አንሷል» ቢል፣ የተደፈነው ፊልትሮ ይሁን አየር የሳበው መስመር ወይም የተቆረጠው የሴንሰር ሽቦ የሚለየው ሰው ነው።

«የዘይት ፍሳሹን በእጅ ዳብሶ ማግኘት ይቻላል»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። የቤት መኪና ጎማ ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ቢሆን ነው፤ በኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ (የግፊት ዘይት) ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ከ300 ባር ሊያልፍ ይችላል። የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ የሚወጣው ዘይት ለዓይን ሳይታይ ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ቁስሉ እሾህ የወጋው ይመስላል፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ እምብዛም ነው፤ ተጎጂው እጁን ጠርጎ ወደ ሥራው የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፣ ሥጋው መሞት ይጀምራል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በጣውላ ቁራጭ ነው። የተወጋ ሰው ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «በከፍተኛ ግፊት ዘይት ገብቶብኛል» ይበል፤ አለዚያ በፋሻ ብቻ ሊሸኝ ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቷል ብሎ ቱቦ መፍታትም ያው ነው። የኤክስካቫተሩ ባልዲ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከቆመ ክብደቱ ዘይቱን እንደጫነው ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ይረፍ፣ ከዚያ የቀረው ግፊት ይተንፍስ።

«ዘይቱ ከጠቆረ ተበላሽቷል»

የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓታት ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አጥቦ መያዝ ሥራው ነው። መቀየሪያውን የሚወስነው አምራቹ በሥራ ሰዓት የቆረጠው ልክ ነው፤ ለምሳሌ 250 ወይም 500 ሰዓት። ወደ ቤተ ሙከራ በተላከ ናሙና ውስጥ ሲሊከን (በአቧራና በአሸዋ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ሞተሩ አቧራ እየሳበ ሊሆን ስለሚችል የአየር ፊልትሮው ይፈተሽ።

«ያልቆሸሸ መካኒክ አልሠራም»

ልብሱ ይቆሽሽ፣ ዘይቱ ግን አይቆሽሽ። በሃይድሮሊክ ቫልቭ ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ከ40 ማይክሮን በታች ያለውን ቅንጣት አያይም። የተፈታ ቱቦ ጫፍ በጨርቅ ሲወተፍ ያየሁ እንደሆነ እቆጣለሁ፤ ከጨርቁ የሚረግፈው ክር ውስጥ ይቀራል። ለዚህ የተሠራ ንጹሕ ክዳን አለ።