የአልጋ ቁስል፦ የአልጋ ቁራኛ ላለበት የሀዋሳ ቤት

ሰው የአልጋ ቁራኛ ሲሆን ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒቱን ነው። ቀጥሎ ምግቡን። ጀርባው የሚታወሰው ብዙ ጊዜ አንሶላው ላይ እርጥብ ነገር ሲታይ ወይም ክፍሉ መሽተት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ርቆ ሄዷል።

የአልጋ ቁስል ቆዳና ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ ሲሞት የሚመጣ ነው። ጉዳቱ አንዳንዴ አጥንቱ አጠገብ ስለሚጀምር ላይ ላዩን ትንሽ ቀዳዳ የሚመስለው ከሥሩ ሰፊ ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይም ሆኖ ይገላበጣል። በስትሮክ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው፣ በባጃጅ ወይም በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ፣ ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ግን አይችሉም፤ አከርካሪው የተጎዳው እንዲያውም ሕመሙ ራሱ ላይሰማው ይችላል። ቁስሉ የሚወጣው አጥንት ከቆዳ በሚቀርብበት ቦታ ነው፦ የታችኛው ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የጭንቅላት የኋላ ክፍል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ቁስሉ ከነርቭ ጉዳት በቀጥታ የሚመጣ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እንደዚያ ከታሰበ አስታማሚ ብዙም የሚያደርገው ነገር አይኖርም። ሉድቪግ ጉትማን (የፓራሊምፒክ መሥራች የሚባለው ሐኪም) በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ውስጥ የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ሲከፍት ታማሚዎቹ ሌት ተቀን በየ2 ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ። ዛሬም ዋናው መከላከያ ይኸው ነው። ሰዓቱ እንደ ሰውየው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል፣ መነሻው ግን 2 ሰዓት ነው።

አገላበጡም ዘዴ አለው። ቀጥ አድርጎ በጎን ማስተኛት የዳሌውን አጥንት ስለሚጫነው ከጀርባው ትራስ ደግፋችሁ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብሉት። ከዚያ ጀርባ፣ ከዚያ ሌላው ጎን። አትጎትቱት! ሲጎተት ቆዳው ፍራሹ ላይ ይቀርና አጥንቱ ይንሸራተታል፣ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይጎዳሉ። የታጠፈ አንሶላ ከሥሩ አንጥፋችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንሱት። የአልጋው ራስጌም ከምግብ ሰዓት ውጭ ከ30 ዲግሪ በላይ ባይነሳ ይሻላል፣ ወደ ታች ይንሸራተታልና። ለተረከዙ ባቱ ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይሁን። ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ አይረዳም። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ መቀመጫም ዙሪያውን ስለሚያንቅ አይመከርም። የቀላ ቦታን በቅቤ ወይም በቫዝሊን ማሸት ደግሞ ከፍቅር የሚደረግ ስህተት ነው፤ የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ ይጎዳል።

ስለ መቅላት ካነሳን አይቀር፣ የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ነው ይባላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ ዳስሱ፦ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ ከሌላው የጠቆረ ቦታ ካለ ያ ነው። ቢያንስ በየቀኑ ገላ ሲታጠብ እዩም ዳስሱም።

የሀዋሳ ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው። ፍራሹ እንዳይበላሽ ተብሎ ላስቲክ ይነጠፋል፣ ላስቲኩ ያልባል፣ ላቡና ሽንቱ ተደምረው ቆዳውን ያርሱታል፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ላስቲክ ግድ ከሆነ በላዩ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ አድርጉ፣ ሲረጥብም ወዲያው ቀይሩ። የአየር ፍራሽ መግዛት የቻለ ይግዛ፣ ነገር ግን ማገላበጥን አይተካም።

ምግብ ላይ ከልቤ የምለው አለ። ለታማሚ ቡላ አጥሚት መስጠት የተለመደ ነው፣ ለመዋጥም ይቀላል። ቡላም ሆነ ቆጮ ግን ፕሮቲናቸው ትንሽ ነው፣ ቆዳ ራሱን የሚጠግነው ደግሞ በፕሮቲን ነው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገባችን ነው፤ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ ጨምሩለት። ኩላሊቱን የሚያመው ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። ታማሚው ካልጾምኩ ካለ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ።

ከባዱ ሌሊቱ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች ልጅ ብቻዋን ተነስታ አባቷን ማገላበጥ አትችልም፣ ብትችልም ለሳምንት ነው። ተራ አውጡ፣ ስልክ ላይ ደወል ሙሉ፣ የተገላበጠበትን ሰዓትና ጎን ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ጠያቂ ሲመጣም አንሶላውን እንዲይዝላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። በዊልቸር የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ክንዱ የሚችል ከሆነ በየ15 ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ ከፍ ያድርግ።

ቆዳው ከተከፈተ፣ ከጠቆረ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ፣ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ቅጠልም አመድም አትጨምሩበት። እስኪድን ድረስም ቁስሉ ባለበት በኩል አታስተኙት።